«ሚስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ፦ ናፈቀኝ ነው፣ አመለጠኝ ነው ወይስ ቀረብኝ?

ቢሾፍቱ_ሐይቅ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከገባሁ ሰባተኛ ወሬ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት የ84 ዓመት እናት እቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራው ይበቃኛል ብዬ ነበር። አንድ ቃል ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጉድ ሠራኝ። ቃሉ «ሚስ» ነው። እኔ የማውቀው «አይ ሚስ ዩ» የሚለውን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሆነው ይሄ ነው። ሁለት ቀን አርፌ ስመለስ በጣም ናፍቀውኝ ነበር። በሩን ከፍቼ እንደገባሁ «ዩ ሚስድ ሚ!» አልኳቸው። ናፈቁኝ ማለቴ ነው። ፈገግ አሉና «ዬስ፣ አይ ዲድ» አሉኝ። እጄን ይዘው ደገሙት። ደስ አለኝ፣ ግን መልሱ ከንግግሬ ጋር አልገጠመልኝም።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ረቡዕ ዕለት አስተባባሪዋ ነርስ ደወለች። መድኃኒት እኔ አልሰጥም፤ ሰዓቱን ነው የማስታውሰው። «ዲድ ሺ ሚስ ኸር ሞርኒንግ ፒል?» አለችኝ። ኪኒኑ ናፈቃቸው ወይ የምትለኝ መሰለኝ። እሳቸው ያንን የደም ግፊት ኪኒን አይወዱትም። ስለዚህ «ኖ ኖ» አልኳት። «ኦኬ፣ ጉድ» ብላ ዘጋች። ኪኒኑ ግን ሳጥኑ ውስጥ፣ የረቡዕ ጠዋት በሚለው ክፍል ተቀምጦ ነበር። ማታ የምትተካኝ ልጅ ናት ያየችው። ክፉ ነገር አልደረሰም፣ ተመስገን። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ጥያቄው ገብቶኝ ቢሆን ሄጄ ሳጥኑን አየው ነበር።

መዝገበ ቃላት አየሁ። ዝርዝሩ ይበልጥ አምታታኝ። እባካችሁ የምታውቁ በአማርኛ አስረዱኝ።

መምህር_ከባሕር_ዳር
እህቴ፣ አይዞሽ። ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ይቺን ቃል ያልሳተ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ዝርዝሩን ለጊዜው ተይው። ከሥሩ እንነሳ። የዛሬ ሺህ ዓመት የነበረው እንግሊዝኛ «ሚሳን» የሚል ግስ ነበረው። ትርጉሙ መሳት ነው። ወርውሮ ዒላማውን አለማግኘት። ይቺን ሥዕል ያዢ። እጅሽን ወደ አንድ ነገር ዘረጋሽ፣ ነገሩ እዚያ የለም። ፌርማታ ደረስሽ፣ አውቶቡሱ የለም። ኪኒን የሚዋጥበት ሰዓት ደረሰ፣ ኪኒኑ አልተዋጠም። ቤት ገባሽ፣ እናትሽ የሉም። እንግሊዝኛ ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል «ሚስ» ይላል። እኛ ግን እንደየነገሩ እንለያለን። ዒላማ ይሳታል፣ አውቶቡስ ያመልጣል፣ ተማሪ ከክፍል ይቀራል፣ እናት ትናፍቃለች።

ዋናው ጣጣ ደግሞ ትርጉሙ አይደለም። አቅጣጫው ነው። «አውቶቡሱ አመለጠኝ» ስትይ ያመለጠው ማነው? አውቶቡሱ ነው። አድራጊው እሱ ነው፣ ነገሩ የደረሰው አንቺ ላይ ነው። «እናቴ ናፈቀችኝ» ስትይም አድራጊዋ እናትሽ ናቸው። ያቺን «ኝ» ተመልከቻት። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ቸገረኝ፣ ጠፋብኝ። በኛ ቋንቋ ነገሩ ሰው ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን የጎደለበትን ሰው ከፊት ያስቀምጣል። «አይ ሚስድ ዘ ባስ።» «አይ ሚስ ማይ ማዘር።» አማርኛው ላይ «ኝ» የሆነው ሰው እንግሊዝኛው ላይ «አይ» ሆኖ ይመጣል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። «ዩ ሚስድ ሚ» ስትያቸው «ናፍቄዎት ነበር» ነው ያልሻቸው። እሳቸውም «አዎ፣ ናፍቀሽኝ ነበር» ብለው መለሱልሽ። መልሳቸው ልክ ነው፣ ደግሞም የፍቅር መልስ ነው። አንቺ ማለት የነበረብሽ «አይ ሚስድ ዩ» ነው።

ነርሷ የጠየቀችሽ ደግሞ «የጠዋት ኪኒናቸውን ሳይወስዱ ቀሩ ወይ?» ብላ ነው።

ባለ_መሪ_ዲሲ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ዲሲ ውስጥ መንገደኛ አመላልሳለሁ። በዚህ ቃል የተሰማኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰሞን 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መውጫው አለፈኝ። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ «ዩ ጀስት ሚስድ ዘ ኤግዚት» አለ። ተቆጣኝ ብዬ ተሳቀቅኩ። አሁን ሳስበው ምንም ቁጣ የለበትም። «መውጫው አሁን አለፈህ» ነው ያለው። «ጀስት» ስትገባበት «አሁን፣ ለጥቂት» ማለት ትሆናለች። አንዱን ሰው ፍለጋ ሄዳችሁ «ዩ ጀስት ሚስድ ሂም» ካሏችሁ «አሁን ወጣ፣ ለጥቂት ተላለፋችሁ» ማለታቸው ነው።

ሌላዋ ደግሞ «ዩ ካንት ሚስ ኢት» ናት። አንድ ደንበኛ ቤቱን በስልክ ሲያስረዳኝ መጨረሻ ላይ ይቺን ጣል አደረገ። እንዳትስት ብሎ የሚያስጠነቅቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ «አይጠፋህም፣ ከሩቅ የሚታይ ቤት ነው» ማለቱ ነው። ስደርስ በሩ ደማቅ ቢጫ ነው።

አይኤልትስ_ለጥቅምት
ጥሩ ጊዜ ነው የተከፈተው ይሄ ውይይት። አዲስ አበባ ሆኜ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ «ሚስ» እና «ሉዝ» በምን ይለያሉ? ሁለት፣ ከ«ሚስ» በኋላ «ቱ» ይገባል ወይ? ሦስት፣ ሚስኮል። እኛ «ሚስኮል አድርግልኝ» እንላለን። ይሄን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምለው? «አይ ሚስኮልድ ዩ» ብዬ አንዱ ፈረንጅ አልገባውም።

መምህር_ከባሕር_ዳር
ከኳስ ልጀምርልህ። በፈረንጆች 1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጣሊያንና ብራዚል በፍጹም ቅጣት ምት ተለያዩ። ሮቤርቶ ባጆ የመጨረሻዋን መታ፣ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ስለ ባጆ «ሂ ሚስድ» ይባላል። ስለ ጣሊያን «ኢታሊ ሎስት» ይባላል። ባጆ ሳተ፣ ጣሊያን ተሸነፈች። አንተ ደግሞ ያን ቀን ሥራ ላይ ሆነህ ካላየኸው «አይ ሚስድ ዘ ጌም» ትላለህ። «አይ ሎስት ዘ ጌም» ካልክ ተጫውተህ ተሸንፈሃል።

ከኳስ ውጭም እንደዚሁ ነው። በእጅህ የነበረ ነገር ከእጅህ ከወጣ «ሉዝ» ነው። ቁልፍ ጠፋብህ፣ ገንዘብ ጠፋብህ፣ «አይ ሎስት ማይ ኪ»። ልትደርስበት የነበረ ነገር ሳትደርስበት ካለፈ «ሚስ» ነው። «አይ ሎስት ዘ ባስ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። አውቶቡሱ የራሱ ሆኖ የሆነ ቦታ አቁሞት የጠፋበት ያስመስለዋል።

«ቱ» አይገባም። ከ«ሚስ» በኋላ የሚመጣው ግስ «ኢንግ» ይጨምራል። «አይ ሚስ ድሪንኪንግ ኮፊ ዊዝ ማይ ማዘር።» ከእናቴ ጋር ቡና መጠጣት ናፈቀኝ። «አይ ሚስ ቱ ድሪንክ» ካልክ ፈታኙ ነጥብ ይቀንስብሃል።

ሚስኮልን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ሚስኮል የምናደርገው ሆን ብለን ነው። ሂሳብ እንዳይቆጥር አንዴ አስጠርተን እንዘጋለን፣ ያኛው መልሶ እንዲደውል። በእንግሊዝኛ ግን «ሚስድ ኮል» የሚባለው ያልተነሳው ጥሪ ነው። «የሳተው» ስልኩን ያላነሳው ሰው ነው። «አይ ሚስድ ዩር ኮል» ካልክ «ደውለህልኝ ነበር፣ ሳላነሳው ቀረሁ» ማለትህ ነው። አንተ መጥራትህን ለመናገር ስትፈልግ በቀላሉ «አይ ኮልድ ዩ» በል። አስጠርቼ እዘጋለሁ፣ መልሰህ ደውል ለማለት ደግሞ እሱኑ ዘርዝረህ ተናገረው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሚስድ» ብለን እንጽፈዋለን እንጂ ሲነገር መጨረሻው «ድ» አይደለም። «ት» ነው። በአማርኛ ፊደል ብትጽፈው «ሚስት» ይሆናል። አዎ፣ የባል ሚስት እንደምንለው። ከ«ስ»፣ ከ«ክ»፣ ከ«ፕ»፣ ከ«ፍ» በኋላ ያቺ «ኢዲ» እንደ «ት» ነው የምትሰማው። «ዎክት»፣ «ስቶፕት»፣ «ላፍት» እንደሚባለው። ለተማሪዎቼ «ሚስት» ብዬ ካስተማርኳቸው በኋላ የረሳ የለም።

የጄኔቫዋ
እኔ ፈረንሳይኛ ከሚናገር ሰው ጋር ነው የምሠራው። መምህር ስለ አቅጣጫ ያሉትን ሳነብ ልቤ ደስ አለው። ምክንያቱም ፈረንሳይኛ ልክ እንደኛ ነው! «ናፈቅከኝ» ለማለት «ቱ ም ማንክ» ይላሉ። ቃል በቃል «አንተ ለእኔ ትጎድለኛለህ» እንደማለት ነው። የሚናፈቀው ሰው ነው ከፊት የሚመጣው። ጣሊያኖችም «ሚ ማንኪ» ይላሉ፣ ያው ነው። እኔ ፈረንሳይኛውን በአንድ ቀን ነው የያዝኩት። እንግሊዝ አገር የተማሩት ባልደረቦቼ ግን እስከ ዛሬ ይገለብጡታል።

የሚገርመው ያው የፈረንሳይኛ ግስ ለባቡር ሲሆን ዞሮ እንደ እንግሊዝኛ ይሆናል። «ዤ ማንኬ ል ትራን»፣ ባቡሩ አመለጠኝ። እዚያ ላይ እኔም እቸገራለሁ።

ሀገር_ናፋቂ
መምህር፣ እርስዎን አክብሬ አንድ ነገር ልቃወም። «በአማርኛ የሚናፈቀው ነው አድራጊው» ያሉት ሁልጊዜ ልክ ነው? «ሀገሩን የናፈቀ ሰው» እንላለን። እዚያ ላይ የናፈቀው ሰውዬው ነው። የኔ መጠሪያም «ናፋቂ» ነው፣ ተናፋቂ አይደለም። «እናቱን ይናፍቃል» ይባላል። ስለዚህ አማርኛም እንደ እንግሊዝኛ መሄድ ይችላል።

መምህር_ከባሕር_ዳር
ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ቸኩዬ ነው የደመደምኩት። «ናፈቀ» ሁለቱንም መንገድ ይሄዳል። «ሀገሩን ናፈቀ» እና «ሀገሩ ናፈቀው» ሁለቱም አማርኛ ናቸው። ሰው ለሰው ሲናገር ግን፣ ፊት ለፊት ወይም በስልክ፣ አብዛኛው ሰው የሚለው «ናፈቅከኝ» ነው። «አመለጠ» ላይ ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። አውቶቡስን አመለጥኩት ካልክ አውቶቡሱ እያሳደደህ ነበር ማለት ነው።

የሁለት_ልጆች_አባት
አሁን የተነሳው ነገር ቤቴ ውስጥ በየእሁዱ ይከሰታል። ልጆቼ እዚህ አትላንታ ነው የተወለዱት። አማርኛ ይሰማሉ፣ ይናገራሉም። እሁድ እሁድ ጎንደር ካሉት አያታቸው ጋር በቪዲዮ እናገናኛቸዋለን። የስድስት ዓመቷ ልጄ ስልኩን ትቀማና «እማማዬ፣ ናፍቄሻለሁ!» ትላለች። በእንግሊዝኛ አስባ ነው፣ «አይ ሚስ ዩ» ማለቷ ነው። እናቴ ግን «አዎን የኔ እናት፣ በጣም ናፍቀሽኛል፣ እንዴት አወቅሽ?» ትላታለች።

የቢሾፍቱዋ እህቴ፣ አንቺ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይዘሽ ሄድሽ። ልጄ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ይዛ መጣች። ያገኛችሁት መልስ አንድ ነው። እኔ ልጄን ማረም አለብኝ ወይስ ልተዋት እያልኩ ነበር። ሀገር ናፋቂ ያለውን ሳነብ ተሳስታለች ለማለትም አልደፈርኩም። ግን እናቴ የሚገባት «ናፈቅሽኝ» የሚለው ስለሆነ እሱን አስተምራታለሁ።

ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለችኝ። ሀገር ቤት ሕፃናት ሴት መምህራቸውን «ሚስ» ይላሉ። ያቺ «ሚስ» ከዚህ ግስ ጋር ትገናኛለች?

መምህር_ከባሕር_ዳር
አትገናኝም። የመምህሯ «ሚስ» «ሚስትረስ» ከሚለው ቃል ተቆርጣ የመጣች ናት። ድምፁ ገጠመ እንጂ ዘር የላቸውም። ከግሱ ጋር ዘመድ የሆነው ቃል ፊት የሚለጠፈው «ሚስ» ነው። «ሚስአንደርስታንድ»፣ «ሚስስፔል» እንደሚባለው። እዚያ ውስጥም የመሳት ትርጉም አለ። የኛ «ስህተት» ራሱ «ሳተ» ከሚለው እንደመጣ አስብ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ነርስ_ሚኒሶታ
የቢሾፍቱ ልጅ፣ እኔ ስለ ሥራሽ ነው የምጽፍልሽ። ይሄ ጉዳይ ከሰዋስው ያለፈ ነው። የሰው ጤና ነው።

ሦስት ቃል ለዪ። «ሚስድ» ማለት ሳይወሰድ ቀረ። ተረስቶም ይሁን ተኝተው፣ ሰዓቱ አለፈ። «ሪፊውዝድ» ማለት ሰጥተዋቸው ወይም አስታውሰዋቸው አልፈልግም አሉ። «ስኪፕድ» ደግሞ ሆን ተብሎ ታለፈ። አንቺ የምትንከባከቢያቸው እናት ኪኒኑን ስለማይወዱት አንድ ቀን እምቢ ይላሉ። ያን ቀን «ሚስድ» ብለሽ እንዳትጽፊ። «ሪፊውዝድ» ነው። ሐኪሙ የሚወስደው እርምጃ ይለያያል። የረሳን ሰው ማስታወሻ ይረዳዋል፣ እምቢ ያለን ሰው ግን ለምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

«ሚስ» ሲሆን ደግሞ በራስሽ ውሳኔ የሁለቱን ሰዓት አንድ ላይ ይዋጡ እንዳትይ። ነርሷ ጋ ደውይ፣ እሷ ትንገርሽ።

ለሌሎች እህቶችም ይሁን። ክሊኒክ ውስጥ «ዲድ ዩ ሚስ ዩር ፒሪየድ?» ብለው ይጠይቃሉ። የወር አበባሽ ቀርቷል ወይ ማለት ነው። አንዲት ልጅ ሳስተረጉምላት ሳላበቃ ፈጥና «ኖ» አለች። ሁለት ወር ቀርቶባት ነበር። ቃሉን ከናፍቆት ጋር ብቻ ስለምታውቀው ነው። እና ራጅ ወይም መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፣ ቀላል አይደለም። ያልገባችሁን ጥያቄ በ«ዬስ» ወይም በ«ኖ» አትዝጉት። «ሶሪ፣ አይ ሚስድ ዛት» በሉ። «ይቅርታ፣ አመለጠኝ፣ ይድገሙልኝ» ማለት ነው። ይህቺ ራሷ «ሚስ» ናት፣ ደግሞም ጨዋ አነጋገር ናት። «ዋት?» ከማለት መቶ እጅ ትሻላለች።

ባለ_መሪ_ዲሲ
ነርሷ ያልሽው ወርቅ ነው። «አይ ሚስድ ዛት» ዛሬውኑ ነው የምጀምራት። እኔ ካልሰማሁ ዝም ብዬ ጭንቅላቴን ነበር የምነቀንቀው።

አይኤልትስ_ለጥቅምት
መምህር፣ አንድ የመጨረሻ። «ሚሲንግ» የምትለዋስ? «ማይ ማዘር ኢዝ ሚሲንግ» ብል «እናቴ ናፈቀችኝ» ይሆናል? አማርኛው እናቴን ነው የሚያስቀድመው ብዬ ነው።

መምህር_ከባሕር_ዳር
አደራህን! እሱን እንዳትል። «እናቴ ጠፍተዋል፣ የደረሱበት አይታወቅም» ነው ያልከው። የሰማህ ሰው ፖሊስ ጋ ይደውላል። «ሚሲንግ» መጥፋትና መጉደል ነው። «ፔጅ 12 ኢዝ ሚሲንግ»፣ 12ኛው ገጽ የለም። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ልክ እንደኛ የጎደለውን ነገር ያስቀድማል። ናፍቆት ሲሆን ግን ሁሌም ናፋቂው ይቅደም፣ «አይ ሚስ ማይ ማዘር»።

«ሚስ አውት»ንም ልብ በል። ይሄ «ቀረብኝ» ነው። ሠርግ ላይ ሳትመጣ ቀርተህ ጓደኞችህ «ቀረብህ!» እንደሚሉህ። «ዩ ሚስድ አውት!» ይላሉ። ምንም ያልተደረገበት ስብሰባ ሆኖ ከሆነ ደግሞ «ዩ ዲድንት ሚስ ማች» ይሉሃል። ብዙም አልቀረብህም። «ቀረብህ» የምትለዋን ቃል የሚያህል የአማርኛ አቻ ለዚች አላገኘሁላትም።

ቢሾፍቱ_ሐይቅ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከትናንት ጀምሮ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ሴትዮዋን «አይ ሚስድ ዩ» አልኳቸው፣ «ሚስት» እያልኩ፣ መምህር እንዳሉት። «አይ ሚስድ ዩ ቱ» አሉኝ። ከዚያ ቡና እያፈላሁ ስለ ባለቤታቸው አጫወቱኝ። ከሞቱ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። «አይ ሚስ ሂም ኤቭሪ ሞርኒንግ» አሉ። በየጠዋቱ ይናፍቀኛል ማለታቸው ነው። ቃሉ በትክክል ገብቶኝ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው። ዝም ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

አሁን እስኪ ይሄን እዩልኝ። ዛሬ የቀን መዝገቡ ላይ የምጽፈው ነው። የቀትሩን ኪኒን ተኝተው ስለነበር ሳይወስዱ ሰዓቱ አለፈ። ነርሷ ጋ ደውያለሁ። የጻፍኩት «ሺ ሚስድ ኸር ኑን ፒል። ሺ ዋዝ ስሊፒንግ። አይ ኮልድ ዘ ነርስ።» ትክክል ነው?

ነርስ_ሚኒሶታ
ትክክል ነው፣ አንድም ስህተት የለበትም። የደወልሽበትን ሰዓትና ነርሷ ያለችሽን ጨምሪበት።